ጭስ የሌለው ዶቅዶቄ ሲያታልል
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው የማርሚታውን ጭስ አይቶ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው

ጊዜው የ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አጎት በላይ ጋይንት ወረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ለጨረታ ካቀረባቸው ሦስት ያገለገሉ ያማሃ ሞተር ሳይክሎች አንዱን ለመግዛት ሁለት በሬ ሸጠው፣ ገንዘባቸውን በጉያቸው ይዘው ነፋስ መውጫ ገቡ። ሦስቱም ዶቅዶቄዎች በተራ ተነሡ። የመጀመሪያው ግቢውን በሰማያዊ ጭስ ሞላው። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ እየቀላቀለ ካስነጠሰ በኋላ ጠፋ። ሦስተኛው ግን በአንድ ርግጫ ተነሥቶ እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ዓይነት ድምፅ አሰማ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ነገር ለዓይን እንኳ አይታይም ነበር። አጎቴ ሦስተኛውን መረጡ። ሌሎችም ያንኑ መርጠው ስለነበር ዋጋው ከሁለቱ በላይ ወጣ፤ አሸንፈው ወሰዱት።

ሦስት ሳምንት ሠራ። በአራተኛው፣ ከታች ጋይንት ከአርብ ገበያ አንድ ሰውና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭነው ወደ ነፋስ መውጫ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ጮኸ፣ ዛለ፣ ወዲያው የኋላ ጎማው ተቆለፈ። በአይሱዙ ተጭኖ ከተማ የገባውን ሞተር የፈታው ወጣት መካኒክ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር መጣበቁን አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሞተር እኮ ተጠምቶ ነው የሞተ። ወደ ዘይት ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ከተበጠሰ ቆይቷል» አላቸው።

«እኔ እኮ ጭስ የለውም ብዬ ነው የገዛሁት፣ ልጄ!»

«እሱ ነው ያታለለዎት፣ ጋሼ።»

ይህ ንግግር የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት ብቻ አይደለም። በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ዋጋ የሚቆረጥበትን ዋና መለኪያ ጉድለት ያሳያል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ ብሩን አይፈታም። ዶቅዶቄ የሚገዛው ደግሞ ጭሱን ያያል። ልዩነቱ ገበሬው የበሬን ጥርስ ማንበብ ከልጅነቱ የተማረው መሆኑ ነው። ጭስን ማንበብ ግን ያስተማረው ሰው የለም።

ዶቅዶቄዎቹ ከየት መጡ?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ሥር ተነሥተው በምሥራቅ ወደ በሽሎ፣ በደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ አገሮች ናቸው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የአካባቢው የደም ሥር ነው። ከዚያ መንገድ ወጣ ሲባል ግን ቀበሌ ከቀበሌ የሚያገናኘው የእግር መንገድ፣ የበቅሎ መንገድና ክረምት የሚያጥበው ጥርጊያ ነበር። አካባቢው ድርቅ የሚደጋግመው በመሆኑ የግብርና፣ የእንስሳት ጤና፣ የክትባትና የእርዳታ ሠራተኛ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ነበረበት። እንደ ፉድ ፎር ዘ ሃንግሪ ያሉ ድርጅቶች በጋይንትና በስማዳ የምግብ ዋስትና ሥራ ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጨመረ። ለዚህ ሁሉ ሥራ መኪና የማይደርስበት የሚደርስ፣ በቅሎ ከምትፈጀውም ጊዜ ያነሰ የሚፈጅ መጓጓዣ ያስፈልግ ነበር።

በመላው አፍሪካ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከተመረጡት መካከል የያማሃ ዲቲ 125ና ኤጂ 100 ይገኙበታል። ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላቸው፣ በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ቀላልና በጥቂት መፍቻ የሚፈቱ ናቸው። ኤጂ 100 ከመነሻው ለእርሻ ሥራ የተሠራ በመሆኑ ካቴናው በሽፋን የተዘጋ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው ነው። እነዚህ ሞተሮች ዕድሜያቸው ሲገፋ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ይደረደራሉ። ከዚያም በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በበኩር ጋዜጣ «ባሉበት ሁኔታ» የምትለው ሐረግ ታክላበት ጨረታ ይወጣባቸዋል። ገዢው ነጋዴ፣ ገበሬ ወይም የገጠር ሱቅ ባለቤት ነው።

ዛሬ በየከተማው የሚታዩት የህንድና የቻይና ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ባለ አራት ምት ናቸው። አሮጌዎቹ ያማሃዎች ግን አልጠፉም፤ በብረታቸው ጥንካሬና በክብደታቸው ቀላልነት ፈላጊ አላቸው። ገበያው ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅም አይደለም፤ ለአንድ ቤተሰብ የሁለት በሬ ጉዳይ ነው።

ዘይቱ የት ይገባል?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት የሞተሩን አሠራር ማወቅ ያሻል። ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን ከሥር ቋት ውስጥ ይዞ ደጋግሞ ያዞረዋል። ባለ ሁለት ምት ግን እንዲህ ያለ ቋት የለውም። የማርሹ ዘይት ለብቻው ነው። ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ ኮሎው በሚዞርበት ክፍል ያልፋሉ፤ ኩሽኔታውን፣ ቤላውንና ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይትም ከእነርሱ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፣ የተረፈውም በማርሚታው ይወጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት «መብላቱ» በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ጥቂት ሰማያዊ ጭስ የሚወጣውም ሞተሩ ዘይት ስላገኘ ነው።

ድሮ ዘይቱ በቀጥታ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቅ ነበር። የተለመደው መጠን ለ20 ወይም ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። የዚህ ዘዴ ችግር ሞተሩ ቆሞ ሲንፏቀቅም ሆነ ዳገት ሲወጣ የዘይቱ ምጣኔ አንድ መሆኑ ነው። ሲንፏቀቅ ይበዛበታል፣ ያጨሳል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 አውቶሉብ የተባለውን ዘዴ ይዞ ብቅ ያለው ይህንን ለመፍታት ነበር። ዘይቱ የራሱ ትንሽ ታንከር ተሰጠው። በሞተሩ የሚሽከረከር ፓምፕም ተገጠመለት። ፓምፑ የሚመራው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሞተሩ ፍጥነት፣ ሁለተኛው ነዳጅ መስጫው የተከፈተበት መጠን። ከእጀታው የሚወርደው ሽቦ መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ካርቡራቶሩን፣ ሌላው ፓምፑን ይስባል። በመሆኑም ሞተሩ ቆሞ ሲንፏቀቅ ለ100 ሊትርና ከዚያም በላይ ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ ጉልበት ሲጠየቅ ምጣኔው ወደ ድሮው ድብልቅ ይጠጋል። ሱዙኪም ብዙ ሳይቆይ የራሱን ተመሳሳይ ዘዴ ይዞ ተከተለ።

የአጎቴ ሞተር ችግር ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ወደ ፓምፑ የሚሄደው ሽቦ ሲበጠስ ፓምፑ ጨርሶ አይቆምም፤ በዝቅተኛው መጠን ላይ ይቀራል። በመሥሪያ ቤት ግቢ ለሚደረግ ሙከራ ያ መጠን በቂ ነው። ጭስም የለም፣ ድምፁም ያምራል። ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲከፈት ግን ቤንዚኑ ሲጨምር ዘይቱ በሚገባው መጠን አይጨምርም።

ፓምፑን የመንቀሉ ሒሳብ

እንዲህ ያለው አደጋ በአካባቢው የታወቀ ስለሆነ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ፓምፑን አስነቅልና ደባልቀህ ንዳ» የሚል ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፓምፑ ሲበላሽ ምልክት አይሰጥም፣ ጉዳቱም የሞተሩን ዕድሜ ይጨርሳል። በእጅ የተደባለቀ ዘይት ግን በዓይን የታየ ነው። ነጂው ትርፍ ዘይት ሲጨምር በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የኢንሹራንስ አረቦን እየከፈለ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄው አረቦኑ ስንት ነው? የሚለው ነው። ለምሳሌ በወር 30 ሊትር ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር እንውሰድ። በ20 ለ1 ሲደባለቅ በወር 1.5 ሊትር ዘይት ያስፈልገዋል። ፓምፑ ደህና ቢሆንና በአማካይ 40 ለ1 ቢያጠጣ 0.75 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ በወር 0.75 ሊትር፣ በዓመት 9 ሊትር ነው። አንባቢ የአካባቢውን የአንድ ሊትር ዋጋ በ9 አባዝቶ ይመልከተው። ይህ ነጂው በትክክል ሲለካ ነው። በሃይላንድ በሚሸጥ ቤንዚን ላይ ዘይቱን በሲኒ ገምቶ የሚጨምር ሰው ደግሞ «ይብዛ እንጂ አይነስ» በሚለው ብሂል ከዚህም ይበልጣል።

የወጪው ጫና ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ መጥቷል። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ ማደያዎች እንኳ ከ100 ብር አለፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ንሯል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚታዘዝ ፒስቶንና ፋሻ የሚደርስበት ቀን አይታወቅም።

ትርፍ ዘይት ከኪስ ከሚያወጣው ሌላ በሞተሩ ውስጥም ዕዳ ይተዋል። ያልተቃጠለው ዘይት በካንዴላው ላይ ይጠቁራል፣ በፒስቶኑ አናት ይጋገራል፣ የማርሚታውን የውስጥ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሞተሩ መተንፈሻ ሲያጣ ጉልበቱ ይወርዳል። ባለቤቱም «ፋሻው አልቋል» ብሎ ሞተሩን ያስፈታል። ማርሚታው ተፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ቢጠረግ የሚድን ሞተር ያለ ኃጢአቱ ይበለታል ማለት ነው።

ጭስ ሲነበብ

እንግዲህ ጭስ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የጋራዥ ሰዎች የሚለዩአቸው ቢያንስ አምስት ዓይነት ጭሶች አሉ።

የመጀመሪያው ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ የሚታየው ነጭ ጭስ ነው። በነፋስ መውጫ ብርድ ከፊሉ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ አያሰጋም።

ሁለተኛው ሞተሩ ለቀናት ቆሞ ሲነሣ ግቢውን የሚያለብስና ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠራ ጭስ ነው። ከፓምፑ ወደ ሞተሩ በሚሄደው መስመር ላይ ዘይቱ በራሱ እንዳይፈስ የሚይዝ ትንሽ ኳስና ስፕሪንግ ያለው መዝጊያ አለ። እሱ ሲያረጅ ከታንከሩ ዘይት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ኮሎው ክፍል ይንጠባጠባል። ጥገናው ቀላል ነው። በጨረታ ግቢ ለወራት የቆመ ሞተር እንዲህ ማጨሱ የሚጠበቅ ነው፤ ገዢዎች ግን ከሁሉ በላይ የሚሸሹት ይህንኑ ነው። አጎቴ የናቁት የመጀመሪያው ሞተር ምናልባት ከዚህ ያለፈ ሕመም አልነበረውም።

ሦስተኛው ሞተሩ ሞቆም የማይጠራ፣ ወፍራምና የሚከረፋ ጭስ ነው። በዚህ ጊዜ የማርሹ ዘይት ይለካ። ከቀን ወደ ቀን የሚጎድል ከሆነ በኮሎውና በማርሹ ክፍል መካከል ያለው ፓራኦሊዮ አልቆ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየጠጣ ነው። ይህ ሞተር መፈታቱ አይቀርም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ ይገባዋል።

አራተኛው ጥቁር የሚያደላው፣ ካንዴላው በጥላሸት ረጥቦ የሚወጣበት ነው። የዚህ ጥፋት ብዙውን ጊዜ በዘይት ይመካኛል እንጂ ዘይት አይደለም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ያንሳል። ካርቡራቶሩ ግን ይህንን አያውቅም፤ ለቆላ በተለካ ቀዳዳ ቤንዚኑን ያፈስሳል። ውጤቱ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን 15 በመቶ ገደማ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ ማጣሪያውን ማጠብ፣ ካልበቃም የካርቡራቶሩን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ወይም የቤንዚን ማስገቢያ ቀዳዳውን በአነስተኛ መለወጥ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ለነፋስ መውጫ ደጋ ልክ የሆነው ቀዳዳ ወደ በሽሎ ቆላ ሲወረድ ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ሁለቱን አገር የሚመላለስ ሰው መካከለኛውን መምረጥ ይኖርበታል።

አምስተኛው የጭስ መታጣት ነው። ቀዝቅዞ የተነሣ፣ ነዳጅ ሲሰጠውም አንዲት ሰማያዊ ክር የማያወጣ አሮጌ ሁለት ምት ሞተር ጥሩ ዘይት የሚጠጣና የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ዘይት የማይደርሰው ነው። በዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት

የአካባቢው መልክዓ ምድር ለሁለቱም ዘዴዎች የየራሱን ፈተና አዘጋጅቷል። የአገሩ ስም ራሱ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ነው። ዳገቱ የፓምፕን ጉድ ያወጣል፤ ሽቦው የላላ ወይም የተበጠሰ ፓምፕ ሜዳ ላይ የደበቀውን ጉድለት ነዳጅ መስጫው ተከፍቶ በሚቆይበት ረጅም ዳገት ላይ ይገልጠዋል።

ቁልቁለቱ ደግሞ የድብልቅን ጉድ ያወጣል። ፓምፑን አስነቅሎ ዘይትና ቤንዚን ደባልቆ የሚነዳ ሰው ወደ ታች ሲወርድ ነዳጅ መስጫውን ይዘጋል፣ በማርሽ ይዞ ይወርዳል። ሞተሩ በፍጥነት እየተሽከረከረ ነው፣ ቤንዚን ግን አይገባም። ቤንዚን ካልገባ በውስጡ ያለው ዘይትም አይገባም። ደህና ፓምፕ ቢኖር ነዳጅ መስጫው ተዘግቶም በሞተሩ ፍጥነት ልክ ጥቂት ዘይት ያቀብል ነበር። በ20 ለ1 ፈንታ 15 ለ1 ቢደባለቅም ይህ ክፍተት አይሞላም። ስለዚህ ትርፍ ዘይት የጨመረው ሰው አረቦን የከፈለው ዋናውን አደጋ ለማይሸፍን ኢንሹራንስ ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ደባልቆ የሚነዳ ሰው ቢያንስ በረጅም ቁልቁለት በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ይዞ ነዳጅ ሰጥ ማድረግን ልማድ ሊያደርገው ይገባል።

የዘይቱ ዓይነትም ሌላ ጉዳይ ነው። ለመኪና የሚሆነው 40 ቁጥር ዘይት ለቱ ቲ (ለባለ ሁለት ምት) ምትክ አይሆንም። የመኪና ዘይት እንዲቃጠል ሳይሆን እንዲዞር የተሠራ ስለሆነ ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላ ይደፍናል። የጃፓን የዘይት ደረጃ አውጪዎች ለሁለት ምት ዘይት ባወጡት መለኪያ ኤፍሲና ኤፍዲ የሚል ምልክት ያለበት ጭሱ አነስተኛ መሆኑ የተፈተነ ነው። ከበርሜል እየተቀዳ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ይህ ምልክት የለውም፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። በየመንገዱ የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበትም ጭሱ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ፒስቶኑም ይጎዳል።

የማይታወቅ ዕቃ ዋጋ

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖች ገበያን መነሻ አድርጎ አንድ ነገር አስረድቷል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅና ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ገዢው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ደህና ዕቃ ያለው ሻጭ በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል። መጨረሻ ላይ ገበያው ውስጥ የሚቀረው ክፉ ክፉው ነው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የእኛው የሁለት ምት ገበያ ከዚህም የከፋ ጠባይ አለው። አከርሎፍ ያየው ገዢ ቢያንስ ዕውቀት እንደሌለው ያውቃል። የኛ ገዢ ግን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ መለኪያ አለው፣ እሱም ጭስ ነው። መለኪያው የተሳሳተ ሲሆን ገበያው ደህናውን ይቀጣል፣ የታመመውን ይሸልማል። ደህና ፓምፕ ያለው፣ በቆይታው ብዛት ያጨሰው ሞተር ዋጋው ይወድቃል። ፓምፑ የተቋረጠበት ንጹሕ መስሎ ዋጋው ይወጣል። ይህንን የተረዳ ተንኮለኛ ደላላ ሞተሩን ከመሸጡ በፊት ዘይቱን ማሳነስ ብቻ ይበቃዋል፤ ገዢው ራሱ ዋጋውን ይጨምርለታል።

መለኪያው ሲሳሳት ምን እንደሚከተል ከሌላው ዓለም መማር ይቻላል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የሁለት ምት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ነጂዎች ለጥንቃቄ ሲሉ ከሚገባው በላይ፣ ያውም ለሁለት ምት ያልተዘጋጀ ዘይት ይጠቀሙ ነበር። ከተማዋ በጭስ ታፈነች። እ.ኤ.አ. ከ2003 መግቢያ ጀምሮም ተሽከርካሪዎቹ ከከተማዋ እንዲወጡ ተደረገ። ዴልሂ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ልቅ የሁለት ምት ዘይት መሸጥን ከልክላ ማደያዎች ለክተው የደባለቁትን እንዲሸጡ አድርጋለች። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሞተሮቹ ቁጥር ከእነዚህ ከተሞች ጋር የሚወዳደር አይደለም። ትምህርቱ ግን ይሠራል፤ ልኩንና ዓይነቱን ለነጂው ግምት ከመተው የታሸገና የተለካ ማቅረብ ይሻላል። አንድ የወገዳ ወይም የመካነ ኢየሱስ ባለ ሱቅ የታሸገ የሁለት ምት ዘይትና ምልክት ያለው መለኪያ ኩባያ አብሮ ቢሸጥ ደንበኛ አያጣም።

ዋናው ድርሻ ግን የሚያስወግዱት መሥሪያ ቤቶች ነው። «ባሉበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ሁኔታውን መግለጽን አይከለክልም። የዘይት ፓምፑ ይሠራል ወይስ ተነቅሏል? ሞተሩ መቼ ተፈታ? የማርሽ ዘይቱ ይጎድላል? እነዚህን ሦስት መስመሮች በጨረታ ሰነዱ ላይ መጻፍ ለመሥሪያ ቤቱ ወጪ የለውም። እንዲያውም ደህናው ሞተር በሚገባው ዋጋ ስለሚሸጥ የመንግሥት ገቢ ይጨምራል።

ገዢው ምን ይመልከት?

እስከዚያው ገዢው ራሱን መጠበቅ አለበት። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው። አንደኛ፣ የዘይት ታንከሩ ይታይ፤ ደረቅ ከሆነ ወይ ፓምፑ ተነቅሏል ወይ መስመሩ አየር ገብቶበታል። አየር የገባበት ፓምፕ ዘይት ቢሞላለትም በፓምፑ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ተከፍታ አረፋው እስኪያልቅ ካልፈሰሰ በስተቀር አያጠጣም። ሁለተኛ፣ በሞተሩ በስተቀኝ ያለው የፓምፕ ክዳን ይከፈትና አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን ሲያዞር የፓምፑ መዘውር አብሮ መዞሩ ይታይ። መዘውሩ ላይ የተቀረጸው ምልክት ከመመሪያው ጋር መግጠም አለበት። ሦስተኛ፣ የማርሹ ዘይት ይለካ። አራተኛ፣ ካንዴላው ይፈታ፤ የቡና ዓይነት ቀለም ደህና ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ቤንዚን ወይም ዘይት መብዛቱን፣ ነጭና ደረቅ ደግሞ መጋሉን ያሳያል። አምስተኛና የመጨረሻው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ከሠራ በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው ከማርሚታው ስስ ሰማያዊ ክር መውጣቷ ይታይ። ያቺ ክር ብትታይ ገዢው አይሽሻት።

ፓምፑ ከጥገና ውጪ ሆኖ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ከሚያጠራጥር ፓምፕ በልክ የተደባለቀ ይሻላል። ግን በልክ፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 250 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም ግማሽ ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ እኩሌታው ማለት ነው። ሻጩ የፓምፑን ክዳን አልከፍትም ካለ ደግሞ መልሱ ተሰጥቷል፤ ገዢው ብሩን በጉያው እንደያዘ ይመለስ።

አጎቴ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ልከው አስፍተው፣ ፒስቶንና ፋሻ ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ የፓምፑን ሽቦ አስቀይረው ሞተራቸውን መልሰው አስነሡት። ወጪው ከአንድ በሬ ዋጋ አላነሰም። አሁን ሲነዱት ከኋላቸው ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ይከተላቸዋል፤ ሰው «ጋሼ፣ ሞተርዎ ያጨሳል» ሲላቸው «ይጭስ፣ ዘይቱን እየጠጣ ነው» ይላሉ።